የትምህርት ገጽ፦ ከወርሻ የወጣ መኪና 100 ላይ ለምን ይንቀጠቀጣል?

የዛሬው ትምህርት በተለይ የቤት ሹፌር ለሆናችሁ ወንድሞች ነው። ነገር ግን ልጆች ይዛችሁ ከኋላ የምትቀመጡ እኅቶችም እንዳትዘሉት፤ የእናንተም ምስክርነት ያስፈልጋል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። መኪናው ተጋጭቶ ሰናዒያ ገባ እንበል። ፓራውልቱ ተቀየረ፣ ፓራፋንጎው ተስተካከለ፣ ቀለም ተቀባና አዲስ መስሎ ወጣ። እዚህ ዲራ፣ በመስመክ ዙሪያና በበጥሃ መጨናነቅ ውስጥ በ40 እና በ50 ሲነዳ ምንም የለውም። ሐሙስ ማታ ቤተሰቡ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለው ደማም ሲነሳ ግን 100 ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከፊሉ ደግሞ «ትናንት እኮ ነው የተሠራው!» ይላል። ታዲያ ሹፌሩ ምን ይመልስ? «መኪናው ይንቀጠቀጣል» ብቻ ማለት አይበቃም። ሦስት ነገር ለይቶ መናገር አለበት።

1ኛ. በስንት ፍጥነት? የአንድ የቤት መኪና ጎማ 120 ላይ በሰከንድ 16 ወይም 17 ጊዜ ያህል ይዞራል። የጎማው አንድ ጎን ትንሽ ከከበደ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያናውጠው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 60 ላይ የማይታወቅ ነገር 120 ላይ ይወጣል። መካኒኩ ሰፈር ውስጥ አንዴ አዙሮት «ተማም» ቢል ውሸቱን ላይሆን ይችላል፤ ግን በዚያ ፍጥነት አልሞከረውም።

2ኛ. የት ነው የሚሰማው? መሪው ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከፊት ነው። ወንበሩና ወለሉ ላይ ከሆነ ከኋላ ነው። እኅቶች የምታስፈልጉት እዚህ ጋ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ያለውን ንዝረት ከሹፌሩ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ለሴቶች መንዳት ከተፈቀደ ወዲህ ማዳሟ ራሷ የምትነዳበት ቤትም ስላለ፣ ዝም አትበሉ፣ ንገሯት።

3ኛ. መቼ? ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ ይታይ። ነዳጅ ሲሰጥ ብሶ፣ እግር ሲነሳ የሚጠፋ ከሆነ ከሞተር ወደ ጎማ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ወይም የሞተሩ መያዣ ይጠረጠራል። ነዳጅ ቢሰጥም ባይሰጥም በዚያው ፍጥነት ላይ የማይጠፋ ከሆነ ነገሩ ከጎማው፣ ከቸርኬው ወይም ጎማው ከሚታሰርበት ብረት ነው።

ብዙ ጊዜ ወርሻው ባላንስ ሠርቶ ይመልሳል። ባላንስ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ለተጋጨ መኪና ግን ላይበቃ ይችላል። ማሽኑ ክብደትን ያመዛዝናል እንጂ የተጣመመ ቸርኬን አያቃናም። ማሽኑ ዜሮ እያሳየ መኪናው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ስለዚህ ጎማው በክሪክ ተነሥቶ ሲዞር ዳርና ዳሩ መወላገዱን፣ ከውስጥ በኩልም ማበጡን እዩ። አላይመንትም ሌላ ነገር ነው። እሱ ሲበላሽ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ጎማውንም አንድ ወገን ይበላዋል፤ ብቻውን ግን እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ አያመጣም።

ርካሽ ፈተና ልንገራችሁ። የፊትና የኋላ ጎማዎች ልካቸው አንድ ከሆነ፣ የቀኙን ከቀኝ የግራውን ከግራ ፊትና ኋላ አቀያይሩ። መንቀጥቀጡ ከመሪው ወደ ወንበሩ ከሄደ ጥፋቱ ጎማው ወይም ቸርኬው ነው። መሪው ላይ ከቀረ ግን ጎማ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጎማው የሚታሰርበት ብረት፣ ኩሽኔታውና ዘንጉ ይመርመር። በግጭት ጊዜ የሚጣመሙት እነሱ ናቸውና።

ወርሻ ስትሄዱ እነዚህን ቃላት ያዙ፦
- ረጃ፦ መንቀጥቀጥ
- ድርክሶን፦ መሪ
- ከፈር፦ ጎማ
- ጀንጥ፦ ቸርኬ
- ተርሲስ፦ ባላንስ
- ወዝን አዝሪዓ፦ አላይመንት
- ዐክስ፦ ዘንጉ
- ደማን፦ የሥራ ዋስትና

«ፊ ረጃ ፊ ድርክሶን፣ ሱርዓ ሚያ» ካላችሁ 100 ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል ማለታችሁ ነው። መኪናውን ከመረከባችሁ በፊት ደማን መኖሩን ጠይቁ፣ መካኒኩንም ይዛችሁ ፈጣን መንገድ ላይ አስሞክሩ።

ማስጠንቀቂያ! መንቀጥቀጡ በየቀኑ ከባሰ ወይም «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ከመጣ አትንዱ። ዳዶ ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ጎማ ይወልቃል። ጎማ በተፈታ ቁጥርም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጠበቁ። ለከፊላችሁ በአፍ ከመንገር ሌላ በዋትሳፕ በአክብሮት ላኩለት፤ ቀኑና ሰዓቱ ይቀመጥላችኋል። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው መሪ የያዘው ነውና፣ ቀድሞ መናገር ድፍረት አይደለም። ከኋላ ያሉት ልጆችም አደራ ናቸው።

የመከለሻ ጥያቄዎች፦
ሀ) 50 ላይ ደኅና የሆነ መኪና 110 ላይ ለምን ይንቀጠቀጣል?
ለ) ፍሬን ሲያዝ ብቻ ቢንቀጠቀጥ ምን ይታያል?
ሐ) ጎማ ተቀያይሮ መንቀጥቀጡ መሪው ላይ ከቀረ ምን ማለት ነው?

በሚቀጥለው ስንገናኝ መልሱን አብረን እንወያይበታለን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ገጹን ላላገኙት ሹፌሮች ኮፒ አድርጋችሁ አድርሱ። መንገዳችሁን ፈጣሪ ይጠብቅ።