ሁለት «ሳህን»፣ አራት «ትራስ»፦ ስለ አሮጌ መኪና ፍሬን



ባለፈው ክረምት አንድ አባት ወረቀት ይዘው ቢሯችን መጡ። የትራፊክ ቅጣት መስሏቸው ነበር። ሳነበው ከሙሳክ የተሰጠ የዋጋ ወረቀት ነው፤ «ሁለት ጸላሖት፣ አራት ረፊዶት» ይላል። እኔም እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ልጅ፣ ቃሉን እንዳለ ተርጉሜ «አባባ፣ ሁለት ሳህንና አራት ትራስ ይላል» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ መኪናዬን ምግብ ቤት ነው እንዴ የወሰድኳት?»

ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁለታችንም ዝም አልን። እሳቸው መፈረም አለባቸው፣ ለምን እንደሚፈርሙ አያውቁም። እኔ ማስረዳት አለብኝ፣ እኔም አላውቅም። ገንዘቡ ደግሞ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ ከምትገባላቸው ቂጽባ ላይ ነው የሚወጣው። በልባቸው «አያውቅም ብለው ሊያታልሉኝ ነው» ብለው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ጠርጥሬ ነበር። ስለዚህ አብረን ሙሳክ ሄድን። ዛሬ የምጽፍላችሁ እዚያ ያየሁትንና ከዚያ በኋላ ጠይቄ፣ አንብቤ የተረዳሁትን ነው። ፍሬን ራሳችሁ ፍቱ ለማለት አይደለም፤ እሱ የመካኒክ ሥራ ነው።

«ጸላሖት» የሚሉት አገር ቤት ዲስክ የሚባለው ነው። ክብ የብረት ዝርግ ሲሆን ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። «ረፊዶት» ደግሞ የፍሬን ሸራ ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሬን ዘይቱ ይገፋል፣ ሁለት ሸራዎች ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ጨምቀው ይይዙታል። መኪናዋ የምትቆመው በዚህ ፍትጊያ ነው። ፍትጊያ ካለ መበላት አለ፤ ቢላና ሞረድ እንደሚበላሉት ማለት ነው። ሸራው ቶሎ ያልቃል፣ ዲስኩ ቀስ እያለ ይሳሳል። ብዙ አሮጌ መኪኖች ዲስክ ያላቸው ከፊት ብቻ ነው፤ ከኋላ እንደ ከበሮ የተዘጋ ፍሬን ነው ያላቸው።

አሁን ብዙዎቻችሁን የሚያስደነግጥ ነገር ልንገራችሁ። ዓርብ ዝናብ ዘንቦ መኪናዋ ሰንበትን ቆማ ከዋለች፣ እሁድ ጠዋት ስትነሱ ፍሬኑ ይንኳኳል፣ ይፋጫል። በጎማው ቀዳዳ ብታዩ ዲስኩ ቀይ ዝገት ለብሷል። አትደንግጡ። ዲስክ የሚሠራው ከብረት ስለሆነ በአንድ ሌሊት እርጥበት ይዝጋል፤ ጥቂት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ፍሬን ስትይዙ ሸራው ራሱ ይጠርገዋል። ለዚህ ብቻ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ። እንደ አሽዶድና ኔታንያ ባሕር ዳር ላይ የምትኖሩ ደግሞ አየሩ ጨው ስላለው ዝገቱ ይበረታል። መኪናዋ ለሳምንታት ሳትነዳ ከቆመች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዝገቱ ብረቱን ቦርቡሮ ይገባል፣ ሸራውም ዲስኩ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ሩቅ መንገድ ባይኖራችሁም በሳምንት አንዴ ሠፈሩን ዞር ብትሉባት ጥሩ ነው።

ከዝገት ይልቅ የዲስክ ጠላት ሙቀት ነው። ሊማሊሞን የምታውቁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። አባቴ እንደሚያወራው፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች ያን ቁልቁለት ሲወርዱ ማርሽ ቀንሰው በሞተር ይዘው ነው፤ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርደው ሽታው ከሩቅ ያስታውቃል። እዚህም ከኢየሩሳሌም ወደ ሙት ባሕር የሚወስደው መንገድ ከ1,200 ሜትር በላይ ይወርዳል። መንገዱ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ቁልቁለቱ አያስታውቅም፣ ፍሬኑ ግን ያውቀዋል። እግራችሁን ፔዳሉ ላይ ጭናችሁ ከወረዳችሁ ዲስኩ ይግላል፣ ሸራው የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ዘይቱ አሮጌ ከሆነ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይገባል። መኪናችሁ አውቶማቲክ ብትሆንም ዝቅተኛ ማርሽ አላት፤ ከቁልቁለቱ በፊት አስገቡት። ፍሬኑን ያዝ አድርጋችሁ ፍጥነት ስትቀንሱ ልቀቁት፣ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ስጡት። የጋለ ዲስክ ላይም ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱ፤ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ገደማ እንዲቀየር ይመከራል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።

ፍሬን ስትይዙ መሪው እጃችሁ ላይ ከተንቀጠቀጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ የዲስኩ ውፍረት እኩል ስላልሆነ ነው፤ አንዱ ጋ ወፈር፣ ሌላው ጋ ሳሳ ብሏል። ቀጭን የሲጥሲጥ ድምፅ ከሆነ ሸራው ሊያልቅ ስለደረሰ ይሆናል፤ ብዙ ሸራዎች ላይ ለዚሁ የተደረገች ትንሽ ቆርቆሮ አለች። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሰማችሁ ግን ሸራው አልቋል፣ አሁን ዲስኩን እየበላው ነው። ያኔ ነገ ዛሬ አትበሉ፤ በሸራ ዋጋ የሚያልቀው ነገር ዲስክም ይጨምራል። መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ከሳበቻችሁ ወይም ፔዳሉ ወደ ታች ከሰጠመ አትንዷት፤ ሰው ጥሩ።

ወደ አባባ ልመለስ። መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ ዲስኩን አሳየን። ጠርዙ ላይ ከፍ ያለ ከንፈር ነበረው፤ ሸራው የማይደርስበት ቦታ ሳይበላ ስለሚቀር ነው። በጥፍር ስትነኩት ይታወቃል (ሲቀዘቅዝ ነው ታዲያ!)። ከዚያ ዲስኩ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አሳየን። ዲስክ ከዚህ በታች ሳስቶ እንዳይነዳ ፋብሪካው የወሰነው ውፍረት ነው፤ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ ይጻፋል። የእሳቸው 20 ሚሊ ሜትር ይላል። አዲስ እያለ 22 ነበረ። በመለኪያ ሲለካው 19 ከምናምን ሆነ።

ስለዚህ መካኒኩ ልክ ነበር። አላታለለም፣ ያላስረዳ ብቻ ነው። አባባ ግን ወረቀቱን ቀዶ ሊጥሉት ነበር፤ በዚያችው መኪና የልጅ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ያመላልሳሉ።

ዲስክ ሲቀየር በጥንድ ነው፣ የግራውም የቀኙም አንድ ላይ፤ ሸራውም አብሮ አዲስ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ሁለትና አራት የሚለው ለዚህ ነው። ሸራው ብቻ አልቆ ዲስኩ ገና ወፍራምና ለስላሳ ከሆነ ግን ሸራ ብቻ ይበቃል፤ ይህንን መጠየቅ ነውር አይደለም። ቶርኖ ላይ ማስላግም አለ፣ ተልጎ ውፍረቱ ከተቀረጸው ቁጥር በላይ ከቀረ ብቻ። አዲስ ከተገጠመ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር ካልቸገራችሁ በስተቀር ድንገት አትርገጡ፤ ሸራና ዲስክ እስኪላመዱ ነው። ደግሞም መኪናችሁ 15 ዓመት ካለፋት ለዓመታዊው ቴስት የፍሬን ማረጋገጫ ከሙሳክ ትጠየቃላችሁ፤ ቴስቱ ሊያልፍባችሁ ሁለት ቀን ሲቀረው ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ሂዱ፣ የተቸኮለ ሰው ዋጋ አይጠይቅም።

ሙሳክ ስትደርሱ የምትሏቸው ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉ። «ኤፍሻር ሊርኦት?» ማለት ማየት ይቻላል ወይ ነው። «ካማ ሚሊሜተር ኒሽአር?» ስንት ሚሊ ሜትር ቀረው። «ማ ሀሚኒሙም?» ትንሹ የሚፈቀደው ስንት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀቱ ላይ እንዲጽፉላችሁ አድርጉ። ከተቀየረ በኋላ አሮጌውን ዲስክ አሳዩኝ በሉ።

ያልገባችሁ ወረቀት ካለ ሳትፈርሙ ይዛችሁት ኑ። አሁን ሳህን ብዬ አልተረጉምም።