መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ድርሻ



ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች የተራራ ከተማ ናት። በሐምሌና በነሐሴ በላስታ ተራሮች ነጎድጓድና መብረቅ ይበረታል፤ ነፋስ ዛፍ ይጥላል፣ ምሰሶ ያዘማል፤ መብራትም ይጠፋል። የላሊበላ ሰው ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ለብዙ ወራት ያለ መብራት ስለ ኖረ፣ የጨለማን ጉዳት ያውቀዋል። የጦርነቱን ጨለማ ጎረቤት ሊያስቀረው አይችልም ነበር። የዝናብና የነፋስ ሌሊት ሲመጣ ግን ጎረቤታሞች ያዩትን ቢነጋገሩ ብዙ ጉዳት ይቀራል። እንዴት እንደሆነ እንመልከት።

አንደኛ፣ ብልሽቱ ያለበት ቦታ ይታወቃል። መብራት የጠፋው በአንድ ቤት ብቻ ከሆነ፣ ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቤት ቆጣሪ፣ ብሬከር ወይም ሽቦ ላይ ነው። በአንድ ትራንስፎርመር የሚጠቀሙ ቤቶች አብረው ከጨለሙ ትራንስፎርመሩ ይጠረጠራል። ከተማው በሙሉ ከጨለመ ግን ነገሩ ከዋናው መስመር ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ የላይኛውንም የታችኛውንም ሰፈር መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያም አንድ ሰው ተመርጦ ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ይደውል፤ ሰፈሩን፣ ሰዓቱንና የታየውን ይናገር።

ሁለተኛ፣ ሕይወት ይተርፋል። ቤቱ ጨለመ ማለት በመንገድ ላይ የወደቀው ሽቦ ኤሌክትሪክ የለውም ማለት አይደለም። የሌለውም ቢሆን፣ መብራቱ ሲመለስ በድንገት ሊይዝ ይችላል። እርጥብ መሬትም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ የወደቀ ሽቦ ያየ ሰው ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፤ በእንጨት እንኳ አይንካው፤ ሌሎችንም ያስጠንቅቅ። ጎህ ሲቀድ ውኃ ቀጂዋ፣ እረኛውና ቤተ ክርስቲያን ሳሚው በዚያው መንገድ ያልፋሉና ወሬው ሊቀድማቸው ይገባል።

ሦስተኛ፣ ደካማው አይረሳም። ስልክ የሌላቸውን አረጋውያን በራቸው ድረስ ሄዶ መንገር የጎረቤት ሥራ ነው። ጤና ጣቢያም ቶሎ ይነገረው፤ ብዙዎቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣሉና፣ የበረዶ ሣጥን የሚያዘጋጁበት ጊዜ ያገኛሉ።

አራተኛ፣ ወሬው እውነተኛ ይሁን። «አይቻለሁ» እና «ሰምቻለሁ» ይለዩ። «መስመሩ ተዘግቷል» የሚል ያልተጣራ ቃል ሰው ይገድላል። መብራት ሲመለስም ይነገር። ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ከለኮሰ ትራንስፎርመሩ ይጨነቃል፤ ስለዚህ መብራት እንደ ጠፋ ምጣድና ማቀዝቀዣ ከሶኬት ይነቀሉ፤ አንድ አምፖል ብቻ ለምልክት ይተው።

እድራችን የሞት መርዶ ለመንገር ሥርዓት አለው። ሞቱ ሳይመጣ ለማስጠንቀቅ ያንኑ ሥርዓት ብንጠቀምበት ምን ይከለክለናል?

ለውይይት፦
1. በሰፈራችሁ በ905 የሚደውለው ማን ነው? እርሱ ከሌለስ?
2. ስልክ የሌላቸው ጎረቤቶቻችሁ እነማን ናቸው? ማንስ ይነግራቸዋል?
3. የወደቀ ሽቦ ቢታይ፣ ቴክኒሻን እስኪመጣ መንገዱን የሚጠብቀው ማን ነው?