አስታማሚ በሌለበት፦ የሠራተኛ እጥረት እና የታካሚ ደኅንነት

ሀገር ቤት ሰው ሆስፒታል ሲተኛ አብሮት አስታማሚ አለ። ያጎርሰዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ ይጠራለታል። ካናዳ ስንመጣ ይህ ሁሉ የሠራተኛው ሥራ ነው ብለን እናምናለን። ሠራተኛው በቂ ካልሆነስ? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ እዚሁ ኢቶቢኮ የሆነውን ማየት ይበቃል። (ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በኢቶንቪል የታየው

በ2020 የመጀመሪያው የኮቪድ ማዕበል፣ ኢቶቢኮ በሚገኘው ኢቶንቪል የአረጋውያን መንከባከቢያ ከ40 በላይ ነዋሪዎች ሞቱ። ማዕከሉ የግል ድርጅት ቢሆንም እንደ ሌሎቹ ሁሉ የመንግሥት በጀት ያገኛል። ሁኔታው ከአቅም በላይ ሲሆን የኦንታሪዮ መንግሥት የጦር ሠራዊቱን እርዳታ ጠየቀ፤ ወታደሮችም ኢቶንቪልን ጨምሮ አምስት ማዕከላት ገቡ። ያዩትን የጻፉበት ሪፖርት ሜይ 26 ቀን 2020 ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ስለ ኢቶንቪል ከዘረዘራቸው መካከል ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ከሌሎች ሳይለዩ መንቀሳቀሳቸው፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መገኘቱ፣ ሠራተኞችም «ዕቃው ገንዘብ ያስወጣል» በሚል ስጋት አቅርቦት ለመጠቀም መፍራታቸው ይገኙበታል።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

እስቲ እናስላ። አንዲት ፒ.ኤስ.ደብሊው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ 10 ሰዎችን ለቁርስ ማድረስ አለባት እንበል። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 12 ደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ መቀስቀስ፣ ማጠብ፣ ዳይፐር መቀየር፣ ማልበስ፣ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ማዛወር አለ። አንዲት ባልደረባዋ ከቀረች 12ቱ ደቂቃ ወደ 6 ይወርዳል። ያኔ የሚቀረው የሚታየው ሥራ አይደለም፤ የማይታየው ነው። ያልተገላበጠ ሰው የአልጋ ቁስል ያወጣል። ውኃ ያልቀረበለት ሰውነቱ ይደርቃል። ደወል ተጭኖ የሚመጣለት ያጣ ብቻውን ወደ መጸዳጃ ሲሄድ ይወድቃል። በችኮላ የጎረሰ ይታነቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ በሆስፒታልም ተለክቷል። በ2014 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ፣ በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች 300 ሆስፒታሎችን ያካተተ ጥናት፣ ለአንድ ነርስ አንድ ተጨማሪ ታካሚ ሲመደብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

ገንዘቡ የት ላይ ይገባል?

ደመወዝ አነስተኛ፣ ሥራውም የትርፍ ጊዜ ሲሆን ሠራተኛው ኑሮውን ለመሙላት ሁለትና ሦስት ቦታ ይሠራል። በወረርሽኝ ጊዜ ይህ ቫይረሱን ከማዕከል ወደ ማዕከል የማድረስ አደጋ ነበረው፤ ኦንታሪዮ በኤፕሪል 2020 አንድ ሠራተኛ በአንድ የአረጋውያን ማዕከል ብቻ እንዲሠራ ያዘዘችው በዚህ ምክንያት ነው። በሆስፒታል በኩል ደግሞ የ2019ኙ ሕግ 124 የነርሶችን የደመወዝ ጭማሪ ለሦስት ዓመት በዓመት 1 በመቶ ላይ ገደበ። በ2022 የካናዳ የዋጋ ንረት 6.8 በመቶ ነበር። ፍርድ ቤት ሕጉን በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር ሻረው፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2024 ውሳኔውን አጸና።

አስታማሚው ሲከለከል

አንድ ነገር እንዳንረሳ። በማርች 2020 ጎብኚ ሲታገድ፣ እናቷን በየቀኑ እየሄደች ታበላ የነበረች ልጅም ውጭ ቀረች። ለካስ ካናዳም አስታማሚ ነበራት፤ በደመወዝ መዝገብ ላይ አልተጻፈም እንጂ። ቤተሰብ ሲሸፍነው የነበረው ክፍተት የታየው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ኦንታሪዮ በ2021 ባወጣችው ሕግ፣ ቀድሞ በአማካይ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የነበረውን የቀጥታ እንክብካቤ በማርች 2025 ለአንድ ነዋሪ በቀን 4 ሰዓት የማድረስ ግብ አስቀምጣለች። ነገር ግን ግብ በወረቀት ላይ ቢጻፍ ሰዓቱን የሚሞላው ሰው ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

ከመካከላችን ነርሲንግና ፒ.ኤስ.ደብሊው የሚማሩ ብዙ ናቸው፤ በማታ ፈረቃ ሠርተው ጠዋት ክፍል የሚገቡም አሉ። በፈረቃችሁ ሰው ሲጎድል ለኃላፊው በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቁ፤ ያልተሠራውንም እንደተሠራ አትመዝግቡ። ሕጉ በአረጋውያን ማዕከል ጥቆማ በሰጠ ሠራተኛ ላይ የበቀል ርምጃ መውሰድን ይከለክላል።

ወላጅ በሆስፒታል ወይም በነርሲንግ ሆም ያላችሁ ደግሞ «ዛሬ እማዬን የሚንከባከበው ማነው? ስንት ሰው ይዟል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። የመድኃኒቱን ዝርዝር ያዙ፤ እንግሊዝኛ ለማይችሉ አስተርጓሚ ጠይቁ። ቅሬታችሁ በተቋሙ ውስጥ ካልተፈታ የኦንታሪዮ የታካሚዎች እንባ ጠባቂ ያለ ክፍያ ይቀበላችኋል።

ሀገር ቤት የለመድነውን አስታማሚነት እዚህም አንተወው። ሆኖም የአስታማሚ ፍቅር የጎደለ ሠራተኛን አይተካም፤ ያንን የሚሞላው በጀት ነው፤ በጀትን የሚወስኑትን የምንመርጠው ደግሞ እኛው ነን።