የጋራ የኢሜይል ሳጥን በዩኒቨርሲቲ፦ መቼ ይጠቅማል፣ መቼ አይጠቅምም?

አሜሪካ የሚማር አንድ ተማሪ የአይ-20 ቅጹ ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማራዘሚያ ለመጠየቅ ኢሜይል ላከ እንበል። የላከው ባለፈው ዓመት ለረዳችው ሠራተኛ ነው። እሷ ደግሞ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። ኢሜይሉ ደርሷል፤ የሚያነበው ግን የለም። ማራዘሚያው ቀኑ ሳያልፍ መጠየቅ ስላለበት፣ ተማሪው ሕጋዊ ቆይታውን እስከማጣት ሊደርስ ይችላል። እዚህ ላይ ሰነፍ ሠራተኛ የለም፤ ችግሩ ሥራው በአንድ ሰው አድራሻ ላይ መንጠልጠሉ ነው። የዛሬው ትምህርታችን መፍትሔው ላይ ያተኩራል።

የጋራ ሳጥን ምንድን ነው?

የጋራ ሳጥን የሰው ሳይሆን የሥራ አድራሻ ነው። ከ@ ምልክት በፊት ያለው ቃል የሠራተኛ ስም ሳይሆን «ሬጅስትራር» ወይም «አድሚሽን» የመሰለ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አርኤፍሲ 2142 የተባለው ሰነድ ድርጅቶች «ፖስትማስተር»፣ «አቢዩዝ»፣ «ሰፖርት» የመሳሰሉ የሥራ አድራሻዎችን እንዲጠቀሙ ይመክራል።

በማይክሮሶፍት 365 እያንዳንዱ አባል በራሱ አካውንት ገብቶ፣ በተሰጠው ፈቃድ መሠረት የጋራውን ሳጥን ይከፍታል። ሳጥኑ እስከ 50 ጊጋባይት ድረስ የራሱ ላይሰንስ አያስፈልገውም። በጉግል በኩል ደግሞ ጉግል ግሩፕስ ውስጥ «ኮላቦሬቲቭ ኢንቦክስ» የሚባል አለ፤ አንዱን ጥያቄ ለአንድ አባል መመደብና ሲያልቅ «ተጠናቋል» ብሎ ምልክት ማድረግ ያስችላል።

ከእነዚህ ጋር አታምታቱት

አንደኛ፣ የማከፋፈያ ዝርዝር። ይህ ለእያንዳንዱ አባል የየራሱን ቅጂ ይልካል። ለማስታወቂያ ጥሩ ነው፤ ለጥያቄና መልስ ግን ወይ ሦስት ሰው ይመልሳል፣ ወይ ሁሉም «ሌላው መልሶታል» ብሎ ይተወዋል።

ሁለተኛ፣ አንድ ተራ አካውንት ከፍቶ ፓስወርዱን ለአምስት ሰው ማደል። አንዱ ሥራ ሲለቅ ፓስወርዱ ለሁሉም መቀየር አለበት፤ የማረጋገጫ ኮዱ የሚሄደው ወደ አንድ ሰው ስልክ ነው፤ የትኛውን መልስ ማን እንደላከም ማወቅ አይቻልም።

መቼ ይጠቅማል?

ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ፦

1. ኢሜይሉ የሚመጣው ለሰውዬው ነው ወይስ ለሥራው?
2. ሠራተኛው ቢቀየርም የቀድሞው ምልልስ መቆየት አለበት?
3. መልስ ሰጪዎቹ ከአንድ በላይ፣ ግን ጥቂት ናቸው?

ለሥራው ከሆነና ለሌሎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ የጋራ ሳጥን ይሠራላችኋል። የትራንስክሪፕት ጥያቄ፣ የመግቢያ ማመልከቻ፣ የዶርም ምደባ፣ የቤተ ሙከራ ቀጠሮ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው።

በውጭ አገር ያሉ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበራትም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። አመራሩ በየጊዜው ይቀየራል፤ አድራሻው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው በግሉ የከፈተው ጂሜይል ነው። ያ ሰው ተመርቆ ሲሄድ የአባላት ዝርዝርና የአዳራሽ ውል አብረውት ይሄዳሉ። ለማኅበሩ የጋራ ሳጥን ይሰጥ እንደሆነ የዩኒቨርሲቲውን የአይቲ ክፍል ጠይቁ።

መቼ አይጠቅምም?

ጉዳዩ ምስጢር ሲሆን። የጤና፣ የዲሲፕሊን ወይም የውጤት ቅሬታ አሥር ሰው በሚያየው ሳጥን ውስጥ መግባት የለበትም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ያለው ፌርፓ የተማሪን መዝገብ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው ጂዲፒአር የግል መረጃን ይጠብቃል። የተማሪን መረጃ ማየት ያለበት ለሥራው የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነው።

ሥራው ሲበዛም አይመችም። ማይክሮሶፍት በአንድ ጊዜ ከ25 በላይ ሰዎች አንድ ሳጥን እንዳይጠቀሙ ይመክራል። በቀን በመቶ የሚቆጠር ጥያቄ ከመጣ ለእያንዳንዱ ቁጥር የሚሰጥ የቲኬት ሲስተም ያስፈልጋል።

ስትከፍቱት ልብ በሉ

• አንዱ የከፈተው መልእክት ለሁሉም «የተነበበ» ሆኖ ይታያል። ተነበበ ማለት ግን ተመለሰ ማለት አይደለም። ማን እንደያዘው በምድብ ወይም በፎልደር ለዩ።

• በማይክሮሶፍት 365 ከጋራ ሳጥኑ የተላከ መልስ ሴቲንጉ ካልተቀየረ የሚቀመጠው በላኪው የግል «ሴንት» ፎልደር ነው። ሌሎቹ መልሱን ስለማያዩት ተማሪው ሁለት የሚጋጩ መልሶች ሊደርሱት ይችላሉ። ቅጂው በጋራ ሳጥኑም እንዲቀመጥ አድሚኑ ያስተካክለው።

• ከሳጥኑ ጀርባ አንድ አካውንት አለ። በቀጥታ በእሱ መግባት እንዳይቻል አድሚኑ ይዝጋው።

• ለሳጥኑ አንድ ኃላፊ ሰይሙ። በየሴሚስተሩ የአባላቱን ዝርዝር አይቶ የለቀቁትን ያስወጣ።

ቀላል መፈተኛ ልስጣችሁ። በምትሠሩበት ቢሮ ወይም ማኅበር ነገ ጠዋት አንድ ሰው ባይገባ፣ የትኛው ጥያቄ ሳይመለስ ያድራል? የጋራ ሳጥን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ለዚያ ጥያቄ ነው።