ተነሥቶ ወዲያው ስለሚጠፋ ትንሽ ሞተር

በቤንዚን የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሞተር ለሥራው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ እነርሱም ቤንዚን፥ አየርና የእሳት ብልጭታ ናቸው። ገመዱ ሲሳብ ጨርሶ የማይነሣ ሞተር ከሦስቱ አንዱ ጐድሎበት ይሆናል። ተነሥቶ የሚጠፋ ሲሆን ግን ሦስቱም ለጊዜው ተገናኝተው ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ጉድለቱ የቤንዚኑ አመጣጥ መቋረጥ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ብሎኑን ሁሉ ፈትቶ ደኅናውን ያበላሻል፤ ውሃ የሚጠብቀውም አትክልት ይደርቃል።

ምርመራው ሞተሩ ከበረደ በኋላ፥ እሳትና ትምባሆ በሌለበት ስፍራ፥ ከቀላሉ ይጀመራል።

አንደኛ፤ ቤንዚን መኖሩና መዝጊያው መከፈቱ ይታይ። መዝጊያው ተዘግቶ ሳለ ሞተሩ በካርቡራተሩ ውስጥ በቀረው ጥቂት ቤንዚን ይነሣል፤ እርሱ ሲያልቅ ይጠፋል። ውሃ የተቀላቀለበት ቤንዚን እንደ ሆነም በብርጭቆ ተቀድቶ ይታይ፤ ውሃው ከሥር ይቀመጣልና።

ሁለተኛ፤ ሰርባቶዮ የሚባለው የቤንዚን ማጠራቀሚያ ክዳን ይመርመር። በብዙ ሞተር ክዳን ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለ። በአቧራ ከተደፈነ በወረደው ቤንዚን ስፍራ አየር ስለማይገባ ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል። ይህንም መምህሩ ለልጆች በቀላሉ ሊያሳያቸው ይችላል። ከሥሩ በምስማር የተበሳ ጣሳ ውሃ ተሞልቶ አፉ በመዳፍ አጥብቆ ሲከደን ውሃው ይቆማል፤ መዳፉ ሲነሣ ይፈስሳል።

ሦስተኛ፤ ቾክ የሚባለው የአየር መዝጊያ ይፈተን። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ቾኩ ሲከፈት የሚጠፋ ከሆነ፥ የካርቡራተሩ ጠባብ ቀዳዳ በቆየ ቤንዚን ዝቃጭ ሳይደፈን አይቀርም። ቀዳዳው በንጹሕ ቤንዚንና በአየር ግፊት ይጽዳ እንጂ በሽቦ አይጐርጐር፤ የሰፋ እንደ ሆነ የቤንዚኑ ልክ ይፋለሳል። በአንጻሩ ጥቁር ጭስ እያወጣ የሚጠፋ ሞተር አየር አንሶታል፤ የአየር ማጣሪያው ይጽዳ።

አራተኛ፤ ዘይት ሲያንሰው ራሱን የሚያጠፋ ሞተር ስላለ የዘይቱ ልክ ይታይ። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ካንዴላው ይለወጥና ይሞከር።

በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ይነካ፤ የተገኘውም ምክንያት ከነቀኑ በመዝገብ ይጻፍ፤ በሁለተኛው ጊዜ ፍለጋውን ያሳጥራል። ሙከራውም ሁሉ በሜዳ ይሁን። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሞተር ጭስ መልክም ሽታም የሌለው መርዝ ስላለበት፥ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።