አሮጌውን ስርዓተ ክወና መለወጥ ወይስ ማቆየት? በቀድሞ የአማርኛ ፎንቶች ከተጻፉ ሰነዶች አንጻር የቀረበ ምልከታ

መግቢያ

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። በማግስቱ ኮምፒውተሮቹ እንደ ወትሮው ተከፈቱ፤ ደብዳቤዎች ተጻፉ፤ ታተሙም። ውሳኔውን አስቸጋሪ የሚያደርገው ይኸው ነው። የተሰበረ ነገር ስለሌለ አስቸኳይ የሚመስል ነገር የለም። የሚጨምረው አደጋ በዓይን አይታይም፤ የሚጠየቀው ወጪ ግን ወዲያውኑ ይታያል።

በጉዳዩ ላይ የሚሰጠው የተለመደ ምክር አጭር ነው፤ ድጋፉ ካበቃ ወደ አዲሱ ሥሪት መሻገር። ምክሩ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው፤ ጥያቄውን ከስርዓተ ክወናው ዕድሜ ያስጀምራልና። ለብዙ ዓመታት በአማርኛ ሲሠሩ ለኖሩ ጽሕፈት ቤቶች፣ በተለይም ለዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍሎች፣ ጥያቄው መጀመር ያለበት በኮምፒውተሩ ውስጥ ካለውና ከዚያ ኮምፒውተር ውጭ በቀላሉ ከማይነበበው ሰነድ ነው። እዚህ የሚቀርበው መከራከሪያም ሰነዶቹን ነጻ የማውጣት ሥራ ስርዓተ ክወናውን ለመለወጥም ሆነ ላለመለወጥ ከሚደረገው ውሳኔ ይቀድማል የሚል ነው።

«ድጋፍ አበቃ» ሲባል

ስርዓተ ክወና ከወጣ ከዓመታት በኋላም አዳዲስ የደህንነት ቀዳዳዎች ይገኙበታል። ድጋፍ ማለት በዋናነት እነዚህ ቀዳዳዎች በተገኙ ቁጥር እርማት መላክ ነው። ለዊንዶውስ ኤክስፒ ይህ የቆመው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 7 ደግሞ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ የተገኘ ቀዳዳ እንደተከፈተ ይቀራል። ከዚህም በላይ አሮጌውና አዲሱ ሥሪት የሚጋሩት ብዙ ኮድ ስላለ፣ ለአዲሱ የሚወጣው እርማት የአሮጌውን ደካማ ቦታ ለአጥቂ ሊጠቁም ይችላል።

ይሁን እንጂ አዲስ ሥሪት መያዝና የታረመ ሥሪት መያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ሶፍትዌር በዓለም ዙሪያ ተዛመተ። በእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥር ካሉት 236 የጤና ትረስቶች ቢያንስ 81ዱ ተስተጓጎሉ፤ ከ19,000 በላይ የሕክምና ቀጠሮዎች እንደተሰረዙም ተገመተ። በወቅቱ ጣት የተቀሰረው በአሮጌው ኤክስፒ ላይ ነበር። የአገሪቱ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት ያወጣው ዘገባ ግን በጤና አገልግሎቱ ከተጠቁት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ድጋፉ ገና ባልተቋረጠው በዊንዶውስ 7 ይሠሩ እንደነበር አመለከተ። ቀዳዳውን የሚደፍነው እርማት ከጥቃቱ 59 ቀናት አስቀድሞ ወጥቷል፤ አልተጫነም እንጂ። የኢንተርኔት ጥቅል እንዳያልቅ ተብሎ ራስ ሰር ማሻሻያን መዝጋት በተለመደበት ጽሕፈት ቤት፣ ዊንዶውስ 11 መጫን ብቻውን ከዚህ ዓይነት ጥቃት አያድንም።

ከዕድሜ ይልቅ መጤን ያለበት ኮምፒውተሩ ከምን ጋር እንደሚገናኝ ነው። ከአንድ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ጋር ብቻ የተያያዘና ኢንተርኔት የማያውቅ የኤክስፒ ኮምፒውተር፣ የተማሪዎች ውጤት ተይዞበት ቀኑን ሙሉ ኢ-ሜይል ከሚከፈትበት፣ እርማት ካልተጫነበት ዊንዶውስ 10 ያነሰ ስጋት ሊሆን ይችላል። የሁለተኛው ጉዳይ የጽሕፈት ቤቱ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ አካል ተገቢውን የጥበቃ እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል።

የመሣሪያዎቹ ነገር

የቤተ ሙከራ ኮምፒውተሮች ጉዳይ በአንጻሩ ግልጽ ነው። ዊንዶውስ 11 የሚገኘው በ64 ቢት ብቻ ነው፤ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ ለ32 ቢት የተጻፈን የመሣሪያ ድራይቨር አይቀበልም። አምራቹ አዲስ ድራይቨር ካላወጣ፣ ኮምፒውተሩን መለወጥ በዋጋ ከእርሱ ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን መሣሪያ ሥራ ማስፈታት ይሆናል። እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ከኔትወርክ ተነጥሎ በነበረበት ይቆይ። መነጠል ሲባል ግን ፍላሽንም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታየው ኮንፊከር ከኔትወርክ በተጨማሪ በፍላሽ ይተላለፍ ነበር፤ በፍላሽ የሚዛመት ቫይረስ ምን እንደሚያደርስ ለማንኛውም የአገራችን ተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ለመሣሪያው ብቻ የሚያገለግል አንድ ፍላሽ መመደብና «ራስ ሰር ማስነሻ» የሚባለውን ተግባር መዝጋት ብዙ ወጪ የለውም።

የሰነዶቹ ነገር

ዋናው ችግር ያለው እዚህ ነው። በቀድሞዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ ከዚያም 32ቱ ለመቆጣጠሪያ ምልክቶች የተያዙ ናቸው። የአማርኛ ፊደል ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ እነ ቋ፣ ጓ፣ ሏ፣ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሳይቆጠሩ። ፊደሉ ከቦታው ስለበለጠ የፎንት ሠሪዎች የየራሳቸውን ዘዴ ፈጠሩ። አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈሉት። ሌሎቹ የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጠው ሲጻፍ እንዲገጣጠሙ አደረጉ። ሁሉም የተጠቀሙት ለላቲን ፊደላት በተመደቡት ቁጥሮች ነው፤ የትኛው ቁጥር ለየትኛው ፊደል እንደሚቆም ግን እርስ በርስ አልተስማሙም።

ውጤቱ ይታወቃል። በእንዲህ ያለ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ይሆናል። ኮምፒውተሩ ተሳስቶ አይደለም፤ በፋይሉ ውስጥ የተመዘገበው እውነትም እርሱ ነው። አማርኛው ያለው ፎንቱ ውስጥ ነው። ሰነዱ ፎርማቱ ተራግፎ በጥሬ ጽሑፍ ቢቀመጥ የፎንቱ ስም ራሱ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ቁልፉ የትኛው እንደነበር ማወቅ ግምት ይሆናል።

ዩኒኮድ ይህን ፈታ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ሥሪት የኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ አገኘ፤ ሀ 4608፣ ሁ 4609 እያለ ይቀጥላል፤ በየትኛውም ፎንት ቢጻፍ ቁጥሩ አይለወጥም። ነገር ግን ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ አብሮ ይዞ የቀረበው በቪስታ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በመካከሉ ያሉት ሰባት ዓመታት ኤክስፒ የነገሠባቸውና የየጽሕፈት ቤቱ ልማድ የጸናባቸው ዓመታት ነበሩ። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት መጻፊያዎች በኋላ የዩኒኮድ ፎንት ቢያቀርቡም፣ እጁ የለመደ ጸሐፊ በአሮጌው ፎንት መጻፉን ቀጠለ። ስለዚህም አሮጌው ኮምፒውተርና በአሮጌው አሠራር የተጻፈው ሰነድ አብረው ይገኛሉ። ኮምፒውተሩ ያረጀ በመሆኑ ሊለወጥ የሚገባው ያው ኮምፒውተር፣ ሰነዱን አሳምሮ የሚያነበው ብቸኛው ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል።

«ኮምፒውተሩ ከተለወጠ አማርኛችን ይጠፋል» የሚለው የጸሐፊዎች ስጋት ብዙ ጊዜ እንደ አላዋቂነት ይታያል። ስጋቱ ግን ግማሽ እውነት አለው። ፎንቱን በተመለከተ አይጠፋም፤ የቀድሞዎቹ ፎንቶች በአዲሱ ዊንዶውስ ላይም ሊጫኑ ይችላሉ፤ ሰነዱም ይነበባል። ሊሠራ የማይችለው የመጻፊያው ሶፍትዌር ነው፤ በተለይ 16 ቢት ከነበረ 64 ቢት ዊንዶውስ ፈጽሞ አያስነሳውም። አማርኛው በእርግጥ የሚጠፋው ግን ባለሙያው ኮምፒውተሩን ፎርማት ሲያደርገው ነው። በሲ ድራይቭ ላይ ያለው የፎንቶች ማኅደር አብሮ ይጠረጋል፤ ፎንቱን የያዘው ሲዲም ብዙውን ጊዜ ከዓመታት በፊት ጠፍቷል። ሰነዶቹ በዲ ድራይቭ ላይ በሰላም ተቀምጠው ሳሉ የሚያነባቸው ይታጣል።

አለመለወጥም መፍትሔ አይሆንም። ሃርድ ዲስክ ያልቃል፤ ያኔ ፎንቱም ሰነዱም አንድ ላይ ይሄዳሉ። እስከዚያው ድረስም ሰነዱ በሕይወት አለ ለማለት ያስቸግራል። በቀድሞ ፎንት የተጻፈ የማስተርስ ጥናት በፒ.ዲ.ኤፍ. ቢታይም በአማርኛ ቃል ሊፈለግ አይችልም፤ ከውስጡ አንድ አንቀጽ ሲቀዳ ሌላ ነገር ይለጠፋል፤ የጽሑፍ ተመሳሳይነት መመርመሪያም አያየውም። በአንድ የትምህርት ክፍል መደርደሪያ ላይ ያለ ጥናት ተፈልጎ የማይገኝ ከሆነ፣ ያንኑ ርእስ ሌላ ተማሪ እንደ አዲስ ቢያነሣው የሚያርመው የለም።

ወደ ዩኒኮድ መለወጫ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ውጤታቸው ግን ሳይታይ ሊታመን አይገባም። በአማርኛው መካከል የገቡ የእንግሊዝኛ ቃላትና አኃዞች አብረው ይለወጡና ይበላሻሉ። ዲቃላ ፊደላት፣ እንዲሁም እንደ ጰና ዠ ያሉ አልፎ አልፎ የሚመጡ ፊደላት ስሕተት የሚደበቅባቸው ናቸው። ሠንጠረዥና የግርጌ ማስታወሻም ሊዘለል ይችላል። አስተማማኙ መንገድ ዋናው ሰነድ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሳለ በፒ.ዲ.ኤፍ. ወይም በወረቀት ማተምና የተለወጠውን ከእርሱ ጋር ማመሳከር ነው። ይህ ማመሳከሪያ ሊዘጋጅ የሚችለው ደግሞ አሮጌው ኮምፒውተር እየሠራ ሳለ ብቻ ነው። የሰነዱ ሥራ ከውሳኔው ይቀድማል የተባለውም ለዚህ ነው።

አማራጮችና ዋጋቸው

ሰነዱ ነጻ ከወጣ በኋላ የቀረው የገንዘብና የሃርድዌር ጥያቄ ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባለውን የደህንነት ክፍልና፣ በኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በስተቀር 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ይህን ለሚያሟላ የዊንዶውስ 10 ኮምፒውተር ሽግግሩ በነጻ ነው። መስፈርቱን በዘዴ አልፈው የሚጭኑ ባለሙያዎች አይጠፉም፤ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ላሉ ኮምፒውተሮች ማሻሻያ ለመላክ ዋስትና አይሰጥም፤ እርማት የማይደርሰው አዲስ ሥሪት ደግሞ ከላይ ወደተነሣው ወደ ዋናክራይ ታሪክ ይመልሳል።

በዊንዶውስ 10 መቆየት ለሚፈልጉ ተቋማት እስከ ሦስት ዓመት የሚዘልቅ የተራዘመ የደህንነት እርማት በክፍያ ይቀርባል። ዋጋው ለአንድ ኮምፒውተር በመጀመሪያው ዓመት 61 የአሜሪካ ዶላር ሆኖ በየዓመቱ በእጥፍ ይጨምራል፤ በሦስቱ ዓመታት 427 ዶላር ይሆናል። በትምህርት ፈቃድ ውል ለሚገዙ የትምህርት ተቋማት ግን 1፣ 2 እና 4 ዶላር፣ በድምሩ 7 ዶላር ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ስለሆነ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት ሊያጤኑት ይገባል። ጥቅሙ ግን ሕጋዊ ፈቃድ ላለው ኮምፒውተር ብቻ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሊኑክስ ነው። የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያላቸው ሥሪቶች ለአምስት ዓመት በነጻ እርማት ያገኛሉ፤ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ብዙ ኮምፒውተሮች ላይም ይሠራሉ፤ አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል.ን የመሰሉ ነጻ የዩኒኮድ ፎንቶችም አሉ። ሁሉም ሰነድ ወደ ዩኒኮድ ለገባበት ጽሕፈት ቤት ይህ እውነተኛ አማራጭ ነው። ላልገባበት ግን ሁለት ችግር በአንድ ቀን መጋበዝ ነው፤ አዲስ ስርዓትም አዲስ አጻጻፍም በአንድ ጸሐፊ ላይ ይወድቃሉና።

የሥራው ቅደም ተከተል

ለማሳያ ያህል በዊንዶውስ 7 የሚሠራ፣ የአሥር ዓመት ቃለ ጉባኤዎችና የምረቃ ጥናቶች ያሉበት፣ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ የአንድ የትምህርት ክፍል ኮምፒውተር ይታሰብ። በመጀመሪያ የሚደረገው የኢንተርኔት ግንኙነቱን ማቋረጥና ኢ-ሜይሉን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ማዛወር ነው፤ ይህ አደጋውን በዚያው ቀን ይቀንሳል፤ ጊዜም ይገዛል። ቀጥሎ የፎንቶች ማኅደር፣ የመጻፊያው መጫኛ ከተገኘም እርሱ፣ ከሰነዶቹ ጋር በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ይቀዳሉ። ዴስክቶፕ ላይ ያለውም አይዘነጋ፤ ብዙ ጸሐፊ የቅርብ ሥራውን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው፤ የሚገኘውም በሲ ድራይቭ ውስጥ ነው። ከዚያ ሰነዶቹ በፒ.ዲ.ኤፍ. ይታተማሉ። መለወጡ ከምረቃ ጥናቶቹና ከቃለ ጉባኤዎቹ ይጀመራል፤ ተራ የደብዳቤ ልውውጥ በፒ.ዲ.ኤፍ. ብቻ ቢቀር ጉዳቱ ትንሽ ነው። ጸሐፊው በዩኒኮድ መጻፍ የሚለማመደውም በዚሁ ጊዜ፣ በለመደው ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ይመረጣል።

ስርዓተ ክወናው የሚለወጠው ከዚህ በኋላ ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ፎርማት ሳይደረግ ይወጣና በምትኩ ኤስ.ኤስ.ዲ. ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ነው የሚለው ቅሬታም ብዙ ጊዜ በዚህ ይቃለላል። የወጣው ዲስክ ቀን ተጽፎበት፣ የፎንቶቹ ስም ዝርዝር አብሮት ታሽጎ፣ ቢያንስ አንድ የትምህርት ዘመን በመዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ በመለወጡ ሂደት የተዘለለ ሰነድ መኖሩ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የቀድሞ ተመራቂ ማስረጃ ሊጠይቅ ሲመጣ ነው።