የፊደል ምስጢር እንዴት ይፈታል?

«ጥሠሑ ወየድሓ ሠጳ»። ይህችን ሐረግ ለመለማመጃ ያዘጋጀኋት ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከጀልዴሳ የሲራራ ንግድ ተነሥቼ ነው። እያንዳንዱ ፊደል በሌላ ተተክቷል።

መጀመሪያ ቋንቋውን ለዩ። በጀልዴሳ አካባቢ ሶማሊኛም ኦሮምኛም አማርኛም ይነገራል፤ በግእዝ ፊደል የተጻፈ ሁሉ ደግሞ አማርኛ አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው በዚሁ ፊደል ነው። የእኛዋ አማርኛ ናት።

ቀጥሎ እንግዳውን ፊደል ፈልጉ። «ጰ» በአማርኛ ብርቅ ናት፤ በሦስት ቃል መካከል ብቅ ካለች ተተክታ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። የባግዳዱ ሊቅ አልኪንዲ በ9ኛው መቶ ዘመን ያስተማረው የድግግሞሽ ቆጠራ ለረጅም ጽሑፍ ግሩም ነው፤ ለእንዲህ ያለ አጭር ሐረግ ግን አያዋጣም። እዚህ የሚሻለው እያንዳንዱን ፊደል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቦታ ወደ ኋላ እየመለሱ መሞከር ነው። ካዕቡ ካዕብ፣ ሳድሱ ሳድስ ሆኖ ይቀራል፤ የሚለወጠው ቤቱ ብቻ ነው።

አሁን ተጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ወደ ኋላ» ሲባል በየትኛው ገበታ? የግእዙ ሀለሐመ 26 ፊደላት አሉት። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ የገቡበት የአማርኛው ገበታ፣ ቨን ሳንቆጥር፣ 33 ነው። በአማርኛው ገበታ አንድ ቦታ መልሱት፦ «ግመሉ ኸዠይላ መጫ» ይወጣል። አሳሳች ነው! ግመሉ ትክክል ነው፣ መጫም የታወቀ የቦታ ስም ነው፤ ስለዚህ መሐል ያለውን ቃል በግድ ለመተርጎም ስትታገሉ ትውላላችሁ። እባካችሁ አትታገሉ። ግማሹ ተፈትቶ ግማሹ እንቢ ካለ ጥፋቱ የገበታው ነው። በ26ቱ ስትመልሱት «ኸ» በ«ከ»፣ «ዠ» በ«ዘ»፣ «ጫ» በ«ጣ» ይተካና «ግመሉ ከዘይላ መጣ» ይሆናል። በእርግጥም ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚሄደው ሲራራ በጀልዴሳ ያልፍ ነበር። በሌላ ሐረግ ላይ ይህም ገበታ እንቢ ካለ በአበገደ ተራ የተደረደረውን ሞክሩ።

እኔ ገበታውን በሁለት ጠባብ ወረቀቶች ላይ ከላይ ወደ ታች ጽፌ አንዱን በሌላው ጎን ማንሸራተት እመርጣለሁ፤ ለሦስቱም ገበታዎች ለየብቻ አዘጋጁ።

ይህችን ደግሞ በ26ቱ ገበታ ራሳችሁ ፍቱ፦ «ታቱሱ ግሴጋዓ ገሰቀ»። ፍንጭ ካስፈለጋችሁ፣ ነገሩ የሆነው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ የጀልዴሳን የሲራራ ገበያ ያቀዘቀዘውም እሱ ነው።